ኖ ክሌሜ አለ፣ ዋጋው ለምን ጨመረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከእንግሊዝ አንባቢዎቻችን የሚደርሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ትንሽ ግጭት፣ ከዚያ የዓመቱ ማደሻ ደብዳቤ፣ ከዚያ ድንጋጤ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ክሌም ማለት ኢንሹራንሱ ወጪውን እንዲከፍል መጠየቅ ነው፤ ኖ ክሌም ደግሞ ያለ ክሌም የነዳችሁት ዓመትና በዚያ የምታገኙት የዋጋ ቅናሽ። ስም አናወጣም፣ ሰፈር ብቻ።

ከኤድመንተን፦ ሰላም ለእናንተ። ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ ስወጣ የሲሚንቶ ምሰሶ ገጨሁ። ሌላ መኪና የለበትም፣ የተጎዳ ሰውም የለም። ጋራዡ 700 ፓውንድ ጠየቀኝ። ኤክሰሴ (ክሌም ሳደርግ ከራሴ የምከፍለው ድርሻ) 400 ነው። አምስት ዓመት ኖ ክሌም አለኝ። ክሌም ላድርግ ወይስ ከኪሴ ልክፈል?

ወንድሜ፣ ከኪስህ ክፈል። ለምን እንደምልህ በቁጥር ላሳይህ፣ ይሄ ከገባህ የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ይቀሉሃል።

ኢንሹራንሱ ዋጋህን የሚያወጣው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ዕድሜህን፣ መኪናህን፣ የምትኖርበትን ፖስትኮድና የአነዳድ ታሪክህን አይቶ መነሻ ዋጋ ያወጣል። ቀጥሎ ከዚያ ላይ የኖ ክሌም ቅናሽህን ያነሳል። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ቅናሹ ብቻ ነው። ክሌም ስታደርግ ግን ሁለቱም ይነካሉ፦ ቅናሹ ይቀንሳል፣ መነሻ ዋጋውም ይጨምራል።

ለምሳሌ ያህል መነሻ ዋጋህ 2,000 ፓውንድ ነው እንበል። በአምስት ዓመት ኖ ክሌም 60 በመቶ ቢቀነስልህ 800 ትከፍላለህ። አሁን ክሌም አደረግህ። በብዙዎቹ ኢንሹራንሶች አንድ የጥፋት ክሌም አምስቱን ዓመት ወደ ሦስት ያወርደዋል። የሦስት ዓመት ቅናሽ 50 በመቶ ነው እንበል። መነሻ ዋጋውም ክሌም ስላለብህ 2,500 ሆነ። የዚያ ግማሽ 1,250 ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ብቻ 450 ፓውንድ ጨመረብህ ማለት ነው። ከኢንሹራንሱ የምታገኘው ደግሞ 700 ሲቀነስ 400፣ ማለትም 300 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 150 ከሰርክ፣ ያውም ብዙ ኩባንያዎች ያለፈውን አምስት ዓመት ስለሚጠይቁ ጉዳዩ በሚቀጥለውም ዓመት ይከተልሃል።

ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ ያንተን ትክክለኛ ቁጥር ግን ማግኘት ትችላለህ። ውል ስትገባ የላኩልህን ደብተር ክፈትና የኖ ክሌምን ክፍል ፈልግ። ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። በግራ በኩል አሁን ያለህ ዓመት፣ ቀጥሎ አንድ ክሌም ቢኖርብህ የሚቀርህ፣ ቀጥሎ ሁለት ቢኖርብህ የሚቀርህ። ብዙዎቻችን ደብተሩን ሳንከፍተው ዓመቱ ያልቃል። እባካችሁ ያቺን ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ እዩዋት።

አሁን ደግሞ አንድ ከባድ ነገር። ከኪስህ ክፈል ስልህ ደብቅ ማለቴ አይደለም። ክሌም ብታደርግም ባታደርግም አደጋ ሲደርስ አሳውቁን የሚል ቃል በውሉ ውስጥ በአብዛኛው አለ። ደውለህ «ለመረጃ ያህል ነው፣ ክሌም አላደርግም» በላቸው። ገንዘብ ስላልከፈሉ በዚህ ምክንያት ኖ ክሌምህ ሊነካ አይገባም። ዋጋው ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ አልዋሽህም። ግን በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ኩባንያ «ባለፉት አምስት ዓመታት አደጋ ወይም ክሌም ነበረብህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅህ አልነበረብኝም ብለህ፣ በኋላ ትልቅ አደጋ ደርሶ ነገሩ ቢወጣ፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ሆን ብሎ የዋሸን ሰው ውል ኢንሹራንሱ ከሥሩ እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። ሳይጠነቀቅ የተሳሳተም ቢሆን ካሳው ሊቀነስበት ይችላል። ኩባንያዎቹ ክሌም የሚመዘግቡበት የጋራ ቋት አላቸው፣ «ኪው» ይሉታል። የአንዱን ኩባንያ ታሪክ ሌላው ያያል።

ከሊድስ፦ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሰውዬው ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ጥፋቱን አምኗል፣ የእሱ ኢንሹራንስም ሙሉውን ከፍሏል። ማደሻው ሲመጣ ግን ከ640 ወደ 790 ሄዶ አገኘሁት። ምን አጠፋሁ? በጣም ነው የተናደድኩት።

እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም። ንዴትሽም ልክ ነው።

መጀመሪያ ማደሻ ደብዳቤውን አውጪና የኖ ክሌም ዓመቱን እዪ። አንድ ዓመት ጨምሮልሽ ከሆነ፣ ወይም ከፍተኛው ላይ ደርሶ እዚያው ካለ፣ ቅናሽሽ አልተነካም። የጨመረው መነሻ ዋጋው ነው። ኩባንያዎቹ ጥፋተኛ ባይሆንም አንድ ጊዜ የተገጨ ሰው ወደፊት ክሌም የማድረግ ዕድሉ ከፍ ይላል ብለው ያሰላሉ። ሕጋዊ ነው። ለእኔ ግን ቆሞ የተገጨን ሰው ማስከፈል ፍትሕ አይመስለኝም፣ ይህንንም ደጋግመን እንጽፋለን። በዚያ ላይ ደግሞ ከአጠቃላይ ገበያው ጋር የጨመረ ሊኖርበት ይችላል፣ ስለዚህ «ከዚህ ውስጥ ስንቱ በክሌሙ ነው?» ብለሽ በስልክ ጠይቂያቸው።

ዓመቱ ቀንሶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፋይሉ አልተዘጋም ማለት ሊሆን ይችላል። ያልተዘጋ ክሌም እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ጊዜ እንደ ጥፋት ክሌም ነው የሚቆጠረው። ደውይና «ፋይሉ ተዘግቷል ወይ? ወጪው በሙሉ ተመልሷል ወይ?» በዪ። መልሱን በጽሑፍ ይላኩልሽ። ማደሻውን ከከፈልሽ በኋላ ቢዘጋም ኖ ክሌሙ እንዲመለስልሽና የበለጠውን ገንዘብ እንዲመልሱልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ካልጠየቅሽ ዝም ሊሉ ይችላሉ።

በነገራችን ላይ በኢንሹራንስ ቋንቋ ዋናው ነገር ማን አጠፋ ብቻ አይደለም። ኢንሹራንስሽ ወጪውን ከሌላ ሰው ማስመለስ ቻለ ወይስ አልቻለም ነው። ሌሊት በርሽ ላይ ያቆምሽውን መኪና አንድ ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ፣ አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ ግን የሚከፍል ሰው ስላልተገኘ እንደ ጥፋት ክሌም ይመዘገባል። ለዚህ ነው የታርጋ ቁጥር ይህን ያህል ዋጋ ያለው። ገጪው ኢንሹራንስ የሌለው ከሆነ ደግሞ ብዙ የሙሉ ሽፋን ውሎች ኖ ክሌምሽን አንነካም የሚል አንቀጽ አላቸው፣ ታርጋውን ካመጣሽላቸው።

ከማንችስተር፦ እኔ የ67 ዓመት ሰው ነኝ። በየዓመቱ ጨምሬ እየከፈልኩ ኖ ክሌሜን አስጠብቄአለሁ፣ ፕሮቴክትድ የሚሉትን። አንድ ክሌም ደረሰብኝና ዋጋው ጨመረ። ታዲያ ምኑን ነው ያስጠበቅሁት?

አባቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። ያስጠበቁት የዓመቱን ቁጥር ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም። የላይኛውን ምሳሌ ይውሰዱ። 60 በመቶው አልተነካም። መነሻው ግን ከ2,000 ወደ 2,500 ከሄደ፣ ከዚያ ላይ 60 በመቶ ተቀንሶ 1,000 ይሆናል። ቀድሞ 800 ነበር። ጥበቃው ባይኖር 1,250 ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ ጠቅሞዎታል፣ ያሰቡትን ያህል ግን አይደለም።

የብሪታንያ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 2015 ባወጣው ትእዛዝ፣ ይህን ጥበቃ የሚሸጥ ኢንሹራንስ ጥበቃው አጠቃላይ ዋጋውን እንደማይጠብቅ በግልጽ እንዲናገር ተገድዷል። ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት ዓመት ኖ ክሌም እያለ በአማካይ ስንት በመቶ ቅናሽ እንደሚሰጥም ማሳየት አለበት። ወረቀቱን ልጆችዎ አብረው ያንብቡልዎ።

በነገሩ ላይ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያለው ሰው፣ ጥበቃው በዓመት 30 ወይም 40 ፓውንድ ከሆነ ይውሰደው። 100 ከጠየቁት ያስብበት። ገደብም አለው። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ክሌም ነው፣ ከዚያ ካለፈ ቅናሹ ይወርዳል።

ከበርሚንግሃም፦ ኢንሹራንሱ በእኔ ስም ነው፣ ባለቤቴን በተጨማሪ ነጂነት አስገብቼአታለሁ። እሷ ገጨች። የእኔ ኖ ክሌም ለምን ይነካል?

ኖ ክሌሙ ውሉ በስሙ የተጻፈለት ሰው፣ ማለትም ያንተ ነው፣ በውሉ ላይ የተከፈለ ክሌም ሁሉ ማንም ይንዳው ማን ያንተ ነው የሚሆነው። ባለቤትህም ወደፊት የራሷን ውል ስታወጣ ይህን ክሌም መናገር አለባት። ስለዚህ አንዱ ግጭት ሁለታችሁንም ይከተላል። የምመክረው፣ አቅሙ ካለ እና ሁለታችሁም አዘውትራችሁ የምትነዱ ከሆነ፣ የራሷን ውል ታውጣና የራሷን ዓመት መቁጠር ትጀምር። ተጨማሪ ነጂ ሆኖ አሥር ዓመት የነዳ ሰው በአብዛኛው ኖ ክሌሙ ዜሮ ነው።

ከብሪክስተን፦ የፊት መስታወቴን ጠጠር መታው። ባስጠግነው ኖ ክሌሜ ይሄዳል?

በአብዛኛው አይሄድም። የመስታወት ሽፋን ለብቻው ነው፣ የራሱ አነስተኛ ኤክሰስም አለው። ኢንሹራንስህ የሚሠራበት የመስታወት ድርጅት ጋ ሂድ፣ በራስህ ምርጫ ሌላ ቦታ ካሠራህ ግን የሚከፍሉት ሊቀንስ ይችላል። ስንጥቁ ሳይሰፋ ቶሎ አሠራው፣ መሙላቱ ከመቀየሩ በጣም ይረክሳል።

ከካምደን፦ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከአራት ወር በፊት አደባባይ ላይ የአንድ ሰው መኪና ከኋላ ነካሁ። ጭረት ነው። ኢንሹራንስ ውስጥ አንግባ ተባብለን 250 ፓውንድ በእጁ ሰጠሁት፣ ተጨባብጠን ተለያየን። አሁን ከጠበቃ ደብዳቤ መጣልኝ። አንገቴን አሞኛል ይላል። ለኢንሹራንሴ ምንም አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ደውል። ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ ብትደውል ይሻላል።

ለጠበቃው ራስህ መልስ አትስጥ። ይቅርታም አትጻፍ፣ አላደረግሁም ብለህም አትከራከር። ደብዳቤውን በሙሉ ለኢንሹራንስህ ላክ። የሆነውን ሁሉ፣ የሰጠኸውን 250 ጨምሮ፣ እንደሆነው ንገራቸው። ዘግይተሃል ብለው ይቆጡህ ይሆናል፣ መብታቸውም ነው። በፈረንጆቹ 1988 በወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ለተጎዳው ሰው ከፈረደ ኢንሹራንሱ በአብዛኛው መክፈል አለበት፣ ካንተ ጋር ያለውን ጣጣ በኋላ ነው የሚነጋገረው። ብዙ በቆየህ ቁጥር ግን ወጪው ወደ አንተ ሊመለስ የሚችልበት ምክንያት እየበዛ ይሄዳል።

ኖ ክሌምህ? ክፍያ ከተፈጸመ ይነካል። ይህን መቀበል ነው።

ለሌሎቻችሁም ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ የእኛ ሰው በጣም የሚገባበት ጉድጓድ ነው። እኛ መስማማት እንወዳለን፣ መሀል መንገድ ላይ ተቃቅፎ መታረቅ ደስ ይለናል። ግን በእንግሊዝና በዌልስ የተጎዳ ሰው ለአካል ጉዳት የሚከስበት ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፣ ለንብረት ስድስት ዓመት። የዛሬ ጨባጭ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊከስ ይችላል። በእጅ የሰጣችሁት ገንዘብ ያንን አያስቀረውም። ከምሰሶ ጋር ስትጋጩ ሒሳቡ በእጃችሁ ነው፣ ሌላ ሰው ሲኖርበት ግን የመጨረሻውን ዋጋ የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ ስምና አድራሻ፣ ታርጋ፣ የኢንሹራንስ ስም ተለዋወጡ። ፎቶ አንሡ፦ ሁለቱን መኪኖች ከነታርጋቸው፣ የመንገዱን መስመር፣ በመኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ። ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅማል፣ አንድ ሰው የነበረበት መኪና በኋላ በደብዳቤ ላይ ሦስት ተሳፋሪ ሲያወጣ አይተናል። አድራሻ መለዋወጥ ካልተቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ከሃክኒ፦ ፒሲኦ (የኪራይ ታክሲ) ነጂ ነኝ። አደባባይ ውስጥ ሌላ መኪና ከጎን መታኝ፣ እሱ አንተ ነህ ይላል፣ እኔ አንተ ነህ እላለሁ። በማግስቱ አንድ ድርጅት ደውሎ «ጥፋቱ ያንተ ስላልሆነ በነፃ የፒሲኦ መኪና እንሰጥሃለን፣ ፈርም» አለኝ። መኪናዬ ጋራዥ ነው፣ ቤተሰብ አለኝ። ልፈርም?

አንድ ቀን ሳትሠራ መዋል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ «ተወው» ብዬ በቀላሉ አላልፈውም። ግን ከመፈረምህ በፊት ይህን እወቅ። «ነፃ» የሚሉት ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው። በየቀኑ የኪራይ ሒሳብ ባንተ ስም ይከማቻል፣ ከተራው ኪራይ በጣም የበለጠ ዋጋ። ድርጅቱ ያንን ከሌላው ሰው ኢንሹራንስ ለማስመለስ ይሞክራል። ሰውዬው ቀይ መብራት ላይ ከኋላ ገጭቶህ ቢሆን አይከብድም ነበር። ያንተ ግን አደባባይ ውስጥ የጎን ግጭት ነው፣ ሁለታችሁም ትከራከራላችሁ፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ለግማሽ ነው የሚያልቀው። ግማሽ ለግማሽ ከሆነ የኪራዩ ሒሳብ በሙሉ አይመለስም፣ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ ያንተ ነው። ስለዚህ «ክርክሩን ብሸነፍ ወይም ግማሽ ቢሆን ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ብለህ ጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ውሰድ። በጽሑፍ አንሰጥም ካሉ አትፈርም።

መጀመሪያ ለራስህ ኢንሹራንስ ደውል። ዳሽ ካም ካለህ ምስሉ ሳይደመሰስ ዛሬ አውጥተህ አስቀምጠው። ከሌለህ በአካባቢው ያሉትን ሱቆች ካሜራ ጠይቅ፣ በቶሎ ነው የሚያጠፉት። ግማሽ ለግማሽ ለኖ ክሌምም ጥሩ አይደለም። ኢንሹራንስህ ግማሹን ከኪሱ ስለከፈለ በአብዛኛው እንደ ጥፋት ክሌም ነው የሚቆጥረው። «ግማሽ ብቻ ነኝ» ብለህ ግማሽ ኖ ክሌም አይቀርልህም።

አንዳንዶቻችሁ በግል መኪና ያጠራቀማችሁትን ኖ ክሌም ወደ ፒሲኦ ኢንሹራንስ ማዞር ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። የሚቀበል አለ፣ የማይቀበል አለ፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይጠየቅ። አንዱን ኖ ክሌም በአንድ ጊዜ በሁለት ውል ላይ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። መኪና አቁማችሁ አገር ቤት የምትሄዱም አስቡበት፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከሁለት ዓመት በላይ ያልተሠራበትን ኖ ክሌም አይቀበሉም።

ከክሮይደን፦ በቅርቡ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ለስምንት ዓመት ያለ አንድ ክሌም ነድቻለሁ፣ ከኢንሹራንሴም ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ። እዚህ ይቆጠርልኛል?

እህቴ፣ ብዙዎቹ አይቀበሉትም፣ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። የሚያሳዝን ነው። በደላላ በኩል ለመጠየቅ ግን አትፈሪ፣ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ከዚህ የሚበልጥ አስቸኳይ ነገር አለሽ፦ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ መንዳት የምትችይው ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእዚህን ፈተና ካላለፍሽ ኢንሹራንሱም አይሸፍንሽም። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ደግሞ ቢያንስ 300 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድ ላይ ስድስት የቅጣት ነጥብ ነው። ለፈተናው አሁኑኑ ተመዝገቢ፣ ወረፋው ረጅም ነው።

ከኖቲንግሃም፦ ማደሻው በየዓመቱ በራሱ ይቆርጣል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ከ2022 ወዲህ ለነባር ደንበኛ ማስወደድ ተከልክሏል ሲሉ ሰምቼአለሁ። ታዲያ መዟዟር ምን ያደርጋል?

የሰማኸው እውነት ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ኤፍሲኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኩባንያው ለሚያድስ ደንበኛ የሚጠይቀው ዋጋ ለተመሳሳይ አዲስ ደንበኛ ከሚጠይቀው እንዳይበልጥ ከልክሏል። ልብ በል፣ ይህ በዚያው ኩባንያ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ያለው ኩባንያ 200 ፓውንድ ርካሽ ሊሆን ይችላል። በተለይ ክሌም ያለበት ሰው መዟዟር አለበት፣ ምክንያቱም አንዱ ኩባንያ ለአንድ ክሌም ብዙ ሲጨምር ሌላው ያን ያህል አይጨምርም።

ደብዳቤው ሲመጣ ያለፈው ዓመት ዋጋና የዘንድሮው ጎን ለጎን ተጽፈው ታገኛለህ፣ ግዴታቸው ነው። ሁለቱን አወዳድር። ከዚያ የኖ ክሌሙ ዓመት ልክ መሆኑን፣ ያላደረግኸው ክሌም ያለመመዝገቡን እይ። ስህተት ካለ በቅሬታ ጻፍላቸው፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልመለሱልህ ወይም መልሱ ካላረካህ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን (ገለልተኛ የቅሬታ ዳኛ) መሄድ ትችላለህ፣ ለአንተ በነፃ ነው። ዋጋ ማወዳደሩን ለመጨረሻው ቀን አትተወው፣ ከማደሻው ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። በወር እየከፈልክ ከሆነ ወለዱንም ደምረህ አወዳድር። ወደ ሌላ ከሄድክ ደግሞ የድሮው ኩባንያ የራስ ሰር ማደሻውን እንዲያቆም ራስህ ንገረው፣ ካልሆነ ሁለት ኢንሹራንስ ትከፍላለህ። ከድሮው ኩባንያ የኖ ክሌም ማስረጃ ደብዳቤህንም ጠይቀህ ያዝ፣ አዲሱ ኩባንያ ሊጠይቅህ ይችላል።